ሳልጠይቅ የሞላሁት ቅጽ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁም፣ ደስም ይለኛል።

ጄኔቭ ውስጥ የማውቃቸው ሐበሾች ፖስታ ሲደርሳቸው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ፈረንሳይኛዬ ደህና ነው። የሁሉንም ታሪክ ስለማውቅ ቅጽ ስሞላ ብዙም አልጠይቅም። የት ተወለደ፣ አግብቷል ወይ፣ ስንት ልጅ አለው፣ እስክሪብቶዬ ቀድሞኝ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነቴ እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓዳ መጣች። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ድሮ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር፤ አሁን ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር አንድ ላውንደሪ ውስጥ ናት። ስምንት ረመዳን አብረን አፍጥረናል። በየሁለት ሳምንቱ ዙሪክ ያለች ዘመዷ ጋ ትሄዳለች፤ ያን ቀንም ለባቡሩ ቸኩላለች።

የያዘችው ስለ ኑሮና ጤና የሚጠይቅ የአገር አቀፍ ጥናት ቅጽ ነው። በዕጣ ደርሷት ነው። ስም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የመመለሻው የመጨረሻ ቀን ያው ቅዳሜ ነበር፣ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

እየሞላሁ ሄድኩና መሃል ላይ አንድ ጥያቄ አገኘሁ። በፍቅር የሚስብዎት ማን ነው ይላል። ከሥሩ አምስት ሳጥን። ይህን ለአንዲት ጨዋ ሴት ማንበብ ነውር መሰለኝ። ዝም ብዬ «ወንዶች» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሰዓዳ ማንበብ ባትችልም ዓይኗ ንቁ ነው።

«እትዬ ዘይነባ፣ ያቺን አላነበብሽልኝም» አለች።

«ተያት፣ የማትረባ ናት።»

«ምን ትላለች?»

እየተንተባተብኩ አነበብኩላት፤ አምስቱንም ምርጫ። የጃኬቷን ዚፕ ከፈት ዘጋ ስታደርግ ቆየች።

«አንቺ የሞላሽው እኔን አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ዙሪክ ያለችውም ዘመዴ አይደለችም። ሴቶች የሚለው ላይ አድርጊልኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ከዚህ ቤት ከወጣ አለቀልኝ» አለች።

ክው አልኩ። የተማርኩት ሁሉ፣ ያደግሁበት አገር፣ የሐበሻ ሐሜት ባንዴ መጣብኝ። እሷ ግን ፊቴን እያየች መልሴን ትጠብቅ ነበር።

«ወላሂ ከአፌ አይወጣም» አልኳት።

ችግሩ፣ የሞላሁት በማይጠፋ ቀለም ነው። ተያት ልትል ስትል እኔ እምቢ አልኩ። ቅጹ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳችና የተሳሳተውን ሳጥን ሙሉ በሙሉ አጥቁሩት፣ ትክክለኛው ላይ ምልክት አድርጉ አለችኝ። እስክሪብቶውን ለሰዓዳ ሰጠኋት። ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ተጭና ምልክቱን አደረገች። የቀረውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበብኩ ጠየቅኋት።

ስንጨርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ሮጥን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በቤት ጫማ መንገድ ላይ ስሮጥ የተመለከተ አበደች ሳይለኝ አይቀርም። ሠራተኛው በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ፖስታውን ራሷ ሰጠችው።

«አሁን ተቆጠርኩ?» አለችኝ እያለከለከች።

«ተቆጠርሽ» አልኳት። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ከሰዓት በኋላ ከዙሪክ ደወለች። ከጀርባዋ ሌላ ሴት ስትስቅ ይሰማል። «እትዬ ዘይነባ፣ ሰላም በይልኝ ብላሻለች» አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ይህን የጻፍኩት ሰዓዳ ፈቅዳልኝ ነው። የሚቆጣኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም ከራሴ ጋር ሙግቴን አልጨረስኩም። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ስምንት ዓመት አብሬያት ስበላ «መቼ ነው የምታገቢው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር እንጂ፣ ማንን እንደምትወድ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መጀመሪያ የጠየቃት ስሟን እንኳ የማያውቅ ወረቀት ነው።