የጋሽ ተክሌ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም

ሰው ላዋርድ ብዬ የሣልኩት አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል።

ጋሽ ተክሌ አቃቂ በምንሠራበት ክር ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ክር ሲበጥሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው ይኸው ነበር። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ማሽን ጥቅል ላይ አንድ ክር መዝዘው መፈተኛው ላይ ይወጥሩና ስንት ግራም ተሸክሞ እንደተበጠሰ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ከሁለት መቶ ሃምሳ በታች ከተበጠሰ ክሩ ወድቋል፤ ፈታይዋም ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ስንብት ነው። የመነጽራቸው አንደኛው እጀታ በዚያው በፋብሪካው ክር የታሰረ ነበር፤ ስንስቅባቸው «ይህቺ ሳትፈተን ያለፈች ናት» ይሉናል።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ እኔ በእስታቲስቲክስ ተመርቄ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠርኩ። እናቴ አሰለፈች እዚያው ፈትላ ስላሳደገችኝ ሁሉም እንደ ልጁ ነበር የሚያየኝ። እሷ እኔ ከመግባቴ ጥቂት ቀደም ብላ ጡረታ ወጥታ ሳሪስ አቦ ቤቷ ተቀምጣለች።

ቢሮው ከዚያ መዝገብ የሚፈልገው በወር አንዲት ቁጥር ብቻ ነበር፤ አማካዩን። አማካዩ ሁልጊዜ ሁለት መቶ ሰባ አካባቢ ስለሆነ ሁሉም ደስ ብሎት ይፈርማል። ሸማኔዎች ክራችሁ ይበጣጠሳል እያሉ ሲመጡም ይህችኑ ቁጥር አሳይተን እንመልሳቸዋለን። እኔ ደግሞ አዲስ ተመራቂ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል ብዬ የሦስት ዓመቱን መዝገብ አንድ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተትኩና ሥርጭቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተጻፈ፣ ሣልኩት። የጠበቅኩት ኮረብታ ነበር፤ መሐሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ቀስ እያለ የሚወርድ። ቀኙ እንዳልኩት ወረደ። ግራው ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ አለ። ከዚያ በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ልክ መስመሩ ላይ ግን ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት የሚሉት ቁጥሮች ግንብ ሆነው ተቆልለዋል።

ደስታዬን አልቻልኩትም። ማን እንደመዘገበው ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ኃላፊያችን አቶ የሺዋስ በጣታቸው እየነኩ «ይህ ገደል ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ክር በራሱ እንዲህ አይቆረጥም» አልኩ በኩራት። «የወደቀውን ትቶ፣ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ የሚፈትን ሰው አለ ማለት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዞር ስል ሁሉም ጋሽ ተክሌን ያያሉ። በዚያ መዝገብ ላይ ከእሳቸው በቀር የሚጽፍ አልነበረም። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉና ልጅቷ ትምህርቷን በደንብ ተምራለች፣ ሥዕሉም አልዋሸም አሉ። ጡረታቸው ሊደርስ አራት ወር ቀርቶት ነበር።

አቶ የሺዋስ ሥዕሉን በየማሽኑ ለያይቼ እንዳመጣ አዘዙኝ። ለየሁት። ከየማሽኑ ጥቂት ጥቂት ነበረ፤ ግንቡ ግን ከሞላ ጎደል የአንድ ማሽን ነበር፤ የዐሥራ አራተኛው። ዐሥራ አራት የእናቴ ማሽን ነው።

በእነዚያ ዓመታት ዓይኗ ደክሞ የተበጠሰ ክር የምትቀጥለው በዳበሳ እንደነበር አውቅ ነበር፤ ቤት ስመጣ መርፌዋ ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ። በደንቡ ቢሆን የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ትባረር ነበር። እኔም ያኔ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የጋሽ ተክሌ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ሥዕሉን እቀደው ነበር አልኳቸው።

«ምን ብዬ ላስቁምሽ፣ ሥርጉት?» አሉኝ። «እናትሽ በዚያ ዓይኗ የፈተለችው ይህን የሚያይ ዓይን እንዲኖርሽ ነው።»

ሥዕሉን አልደበቅኩም። ከዐሥራ አራተኛው ማሽን አጠገብ የእናቴን ስም፣ ከሥሩም «ልጇ» ብዬ የራሴን ጽፌ አቀረብኩ። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ጋሽ ተክሌ ግን ጡረታቸው ሳይደርስ ከሥራ ተሰናበቱ፣ ወንበራቸውም ለእኔ ተሰጠ።

በመጀመሪያው ጠዋት የወጠርኩት የዘጠነኛው ማሽን ክር ሁለት መቶ አርባ ስምንት ላይ ተበጠሰ። ፈታይዋ መሰለች የምትባል የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለባት። ማሽኗ አጠገብ ቆማ ታየኛለች። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ወዲያው ግራ እጄን ሳየው ሌላ ክር ከጥቅሉ ላይ መዝዞ ይዟል።