ወገቧን ዳብሼ የገዛኋት ላፕቶፕ

በመንዝ በግ መምረጥ የሚችል ሰው ይከበራል። እኔ እችላለሁ። ጉራ መስሎ እንዳይታይብኝ ብዬ በዝግታ ልናገረው አስቤ ነበር፤ ግን ጉራ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ በእንስሳት ባለሙያነት ስሠራ ጸጉሬ ሸብቷል። ገበሬው አውራ በግ ሲመርጥ ከጎኑ ቆሜ «ይኼን ያዝ፣ ያን ተው» የምለው እኔ ነኝ። ወገቡን በጣቴ ዳብሼ፣ ላቱን ከሥር በመዳፌ መዝኜ፣ ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አይቼ፣ ስለ በጉ ለባለቤቱ የማያውቀውን እነግረዋለሁ። ፋሲካ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ምሥራቅ ትምጣና ትዳብስልን» ይላል።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ላፕቶፕ ልትገዛ ደብረ ብርሃን የወረደችው።

ለምን ላፕቶፕ አስፈለገሽ በሉኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አቀበቱ ላይ፣ ከሚካኤል ደጅ ነው። አባቴ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ከቅዳሴ ሲመለሱ ጭቃው አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ፤ እግራቸው ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ትከሻ ካላገኘ አይነሣም። የሰው ትከሻ ስላችሁ ደግሞ የእኔን ማለቴ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጌታነሽ «መሪጌታ፣ ላንሣዎት?» ሲሏቸው «ይቆየኝ» ይላሉ። ያቆዩታል፣ ያቆዩታል፤ ማታ ከቢሮ ስገባ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው አገኛቸዋለሁ።

ወንድሜ አበረ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ክፉ ልጅ አይደለም። ደወለና ቁርጡን ነገረኝ።

«ምሥሬ፣ ወይ ሥራሽን ተይ፣ ወይ አባባን እኔ ልውሰዳቸው። ሰው ሲጠብቁ እየዋሉ አይሆንም።»

ሥራዬን ብተው የምንበላው የለም። አባባን ጠየቅኋቸው።

«አራተኛ ፎቅ?» አሉ። «እዚያ የሚደርስ ጻድቅ ይውጣበት። እኔ ገና ኃጢአቴን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ መሬት ይሻለኛል።»

«አባባ፣ የምሬን ነው።»

«እኔስ ስቀልድ አየሽኝ? የሚካኤልን ደወል ካልሰማሁ መንጋቱን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በነጋታው ኃላፊያችን አቶ አስቻለው ዘንድ ገባሁ። አስቻለው በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ሲናደድ እንኳ «እትዬ» ማለቱን አይተውም።

«የመስኩን ሥራ በእግሬ እሠራዋለሁ» አልኩት። «መረጃውን ኮምፒውተር ላይ ማስገባቱን፣ ሪፖርት መጻፉን ግን ቤቴ ሆኜ ብሠራው ማን ይጎዳል? ግማሹን ሳምንት እዚህ፣ ግማሹን እዚያ።»

ብዕሩን እያገላበጠ አሰበ። «የቢሮው ኮምፒውተር ከጠረጴዛው አይነሣም። የራስዎ ላፕቶፕ ካለዎት እስከ ጥምቀት እንሞክረው። ሥራው ከዘገየ ግን እትዬ፣ እኔም አለቃ አለብኝ።»

ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

እንግዲህ ደብረ ብርሃን። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተጣብቆ ደረስኩና አንድ የኮምፒውተር መሸጫ ገባሁ። ሻጯ ፀጋ የምትባል፣ ፈገግታዋ የማይጠገብ ልጅ ናት።

«እንኳን ደህና መጡ እናት። ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?»

አሁን በግ ተራ ያደገ ሰው የሚገባውን ነገር ልንገራችሁ። ለሻጭ ጉዳይሽን አትነግሪም። የሚያስፈልግሽን ካወቀ አለቀልሽ፤ ጠቦቱን በበሬ ዋጋ ይሸጥልሻል። ስለዚህ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ «እንዲያው ሳልፍ ነው» አልኩ።

«ቤት ውስጥ ነው ቢሮ የሚሠሩበት?»

«እንደሁኔታው።»

«ሰፈርዎ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል? በእግር ነው ይዘውት የሚሄዱት?»

በሆዴ «ይቺ ልጅ እንዴት ያለች መርማሪ ናት!» እያልኩ በአፌ «እስቲ ዕቃውን አሳዪኝና» አልኳት።

ሁለት አመጣችልኝ። አንዷ ቀጭን፣ ብርማ። ብድግ ሳደርጋት እጄ ላይ ያለች አልመስል አለችኝ።

«ይቺ ታማለች እንዴ?»

«ኧረ እናት! ቅለቷ እኮ ነው ዋጋዋ።»

«ልጄ፣ ቀላል ናት ብሎ በግ የሚሸጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፀጋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ። ሁለተኛዋን አነሣኋት። ክንዴ ወረደ፣ ልቤ ወጣ! ጥቁር፣ ሰፊ፣ ድንጋይ የመሰለች። ዓይኔን ጨፍኜ ወገቧን ዳበስኩ፤ ሙሉ ነው። ከኋላዋ እጄን ብሰድ ወደ ውጭ ገፋ ያለ ወፍራም ነገር አገኘሁ። ላት! በመዳፌ መዘንኩት።

«እሱ ባትሪዋ ነው» አለች ፀጋ። «እንደ እውነቱ ግን ደክሟል። የቆየች ዕቃ ናት፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካች አትቆይም። ለእርስዎ ቀጭኗን ነው የምመክረው።»

እኔ በዕድሜዬ የራሱን በግ የሚያጣጥል ሻጭ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ፤ ጥቁሯን ለሌላ ደንበኛ ይዛታለች ማለት ነው! ቁልፎቹ ላይ ያሉት ፊደሎች ተፍቀው ማለቃቸውን አይቻለሁ። የበግ ጥርስ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ጥዬ እሄድ ነበር። ግን ያን የመሰለ ላት ጨብጦ ማን ጥርስ ይቆጥራል? ሁለቴ ወጥቼ፣ ሁለቴ ተጠርቼ (ሁለተኛውን ጊዜ እንኳ አልተጠራሁም፣ ራሴ ነኝ የተመለስኩት) ጥቁሯን ገዛሁ።

መሐል ሜዳ ስደርስ የቦርሳው ማንገቻ ተበጠሰ። አቀበቱን በእጄ ይዣት ልወጣ ሞክሬ አልሆነልኝም። ብርዱም አለ፣ ጉሙም ወርዷል፤ ዕቃዋ እርጥበት እንዳይነካት በሱፍ ባና ጠቀለልኩና በነጠላዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኳት። እትዬ ጌታነሽ ከበራቸው ላይ አዩኝ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው አፈጠጡ።

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«እትዬ ጌታነሽ፣ በእግዜር ይሁንብዎ...»

«ሣራ ነሽ እንዴ አንቺ? ወንድ ነው ሴት?»

«ላፕቶፕ ነው!»

«ይኹን፣ እግዜር የሰጠው አይናቅም። አባትዮውን ብቻ እንዳትደብቂን!»

እልልታቸው ሰፈሩን አዳረሰው። ማታ እንግዳ መጣ፤ ዕቃዋን ሁሉም በየተራ እያነሣ መዘናት። «አቤት ክብደት!» ሲሉ እኔ «መርጬ ነዋ!» እላለሁ። አባባ ብቻ ጭናቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው «ይቺን ያመጣሽልኝ ተጭናኝ እንዳልነሣ ነው?» አሉ።

መብራት ባለ ጊዜ ደኅና ናት። ትንጎራጎራለች፣ ትሞቃለች፣ ትሠራለች። መብራት ሲሄድ ግን አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ እሷም ትጨልማለች። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ይመጣል፣ አይሰነብትም።

«ሞተች?» ይላሉ አባባ።

«ደክሟት ነው።»

«ሳትሠራ?»

ለማን እናገራለሁ? በግ ዳባሿ ምሥራቅ ከሲታ ገዝታ መጣች ሊባል ነው። ዕቃዋን በየሳምንቱ ወደ ቢሮ አዝዬ እወርዳለሁ፣ ከቢሮ አዝዬ እወጣለሁ። ጀርባዬ ሲጎብጥ የተጠየቅሁ እንደሆነ «ብርዱ ነው» እላለሁ። ቤት ውዬ ሠራሁ የምለው ሥራ እየተጠራቀመ ሄደ። የየመንደሩ አውራ በግ የማን ዘር እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደከበደ፣ ሁሉም በእጄ የተጻፈ ወረቀት ላይ ተኝቷል። በዚያ ላይ የማላፍር ሴት ነኝ፤ የቢሮ ሰዎች «ላፕቶፕሽ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ወርቅ ናት!» እላቸው ነበር።

ገና አለፈ። ጥምቀት ደረሰ። አስቻለው ደወለ።

«እትዬ፣ የአውራ በጎቹ መረጃ እስከ ዓርብ ካልገባልኝ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። ከጥምቀት በኋላ ሙሉውን ሳምንት ቢሮ ሊሆኑ ነው።»

ስልኩን ሳልዘጋ አበረ ደወለ። ለበዓሉ በመኪና ሊመጣ ነው፤ የአስቻለውን ቃል ነገርኩት። «ካልተሳካ እንግዲያው ስመለስ ይዣቸው ልሂድ፤ ዕቃቸውን አሰናጂልኝ» አለ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማወራው፤ የመሪጌታ ጆሮ ግን የተማሪ ስሕተት ከቅኔ ማኅሌቱ ማዶ ሆኖ የሚለቅም ጆሮ ነው።

መብራት የለም። ጥቁሯ ዕቃ እፊቴ ጨልማ ተቀምጣለች። አባባ ያለ ቁጣ፣ ያለ ቀልድ፣ «መቋሚያዬን አስቀድመሽ አውጪልኝ። እሷ ዕቃ ውስጥ ተጣጥፋ አትገባም፤ በእጄ ነው የምይዛት» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቀልዱብኝማ እንዴት በወደድኩ! አባቴን ከደጃቸው ሊያስነሣቸው የደረሰው የመብራት መጥፋት አይደለም፤ እኔ ተሳስቻለሁ ለማለት አለመቻሌ ነው። ብድግ አልኩና እትዬ ጌታነሽ ቤት ሄድኩ።

«ነገ ደብረ ብርሃን ልወርድ ነው» አልኳቸው። «ዕቃዋን ልመልሳት። አሳስታኛለች።»

«እሷ?»

«እሺ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ከሲታ ናት። ውስጧ ባዶ ነው። አባባን አደራ።»

እትዬ ጌታነሽ የሚሉት ነገር ሞልቷቸው ነበር፤ ከዓይናቸው ይታየኛል። ለእግዜር ብለው ዋጡት። አባባም ለዚያች ቀን ብቻ የእርሳቸውን ትከሻ ፈቀዱ። ለመሪጌታ ይህ ከአርባ ጾም ይከብዳል።

ሱቁ ስገባ ፀጋ አወቀችኝ፤ ጀርባዬ ላይ ያለውንም አወቀች። ፈገግታዋ ሊመጣ ሲል ያዘችው። እኔም የገበያውን ሕግ ሁሉ ጥዬ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። አቀበቱን፣ መብራቱን፣ የአባባን ዳሌ፣ አራተኛ ፎቁን፣ ዓርብን፣ ጥምቀትን። ሌላ ጉዳይ ይዘው የገቡ ሰዎች ጉዳያቸውን ረስተው ይሰሙኛል። አንዲት ሴትዮማ እንባዋን ጠረገች።

«እናት» አለች ፀጋ፣ «ያን ቀን ይህን ግማሹን እንኳ ቢነግሩኝ!»

«ልጄ፣ ግማሹን ብነግርሽ ዋጋ ትጨምሪብኛለሽ ብዬ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ቀጭኗን አመጣችና ከሶኬቱ ነቀለቻት። «አሁን ወገቧን አይዳብሱ። ሥራዎን ይክፈቱና ይሥሩ፤ እዚያ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው። እኔ ሌላ ደንበኛ ላስተናግድ።» ቁጭ አልኩ። ወረቀቶቼን ዘርግቼ የአንዱን መንደር በጎች አስገባሁ፣ የሌላውን ቀጠልኩ። ፀጋ ምሳዋን በልታ ተመለሰች። ቀጭኗ ላፕቶፕ ያለ ሶኬት ንቅንቅ አላለችም! ቢሮ በዋልኩ ቀን ባትሪዋን ሞልቼ ብወጣ ቤት ውዬ ስሠራ እንደምትበቃኝ ፀጋ አሳየችኝ፤ ጥቁሯንም ከጠረጴዛ የማትነሣ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው እሸጣታለሁ ብላ ተቀበለችኝ። ልዩነቱን ጨመርኩ፤ ሳልከራከር ጨመርኩ፣ እናቴ ብታየኝ አታውቀኝም ነበር። የመጨረሻውን መኪና ሮጬ ደረስኩበት።

ሐሙስም ዓርብም ቀን ቀን መብራት አልነበረም። በሁለቱም ቀን ሠራሁ። ዓርብ ከቀትር በፊት በስልኬ ኢንተርኔት ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ አስቻለው መለሰልኝ፤ «ደርሶኛል እትዬ። ከጥምቀት በኋላም እንዲሁ ይቀጥሉ።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። አባባ አልሰማሁም ብለው ድጋሚ አስነበቡኝ። ሰምተው ነበር።

አበረን ደወልኩለት። «ለበዓሉ ና፤ ለመውሰድ ግን አትምጣ» አልኩት። «እሳቸው አሉ?» አለ። ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወሩት። ስለ መሄድ አንድም ቃል አላነሡም፤ እሱም አላነሣባቸው።

ማክሰኞ የቤት ቀኔ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ጉሙን ስትገፋው አባባን ደግፌ አወጣሁና ከግድግዳው ሥር አጎዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ሥራዬን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐይዋን ሲሞቁ ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ። «ስንት አውራ በግ ቀረሽ?»

«ጥቂት ነው አባባ። ቶሎ እጨርሰዋለሁ።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ጉልበቴ ሳብ አድርገው አለበሱኝ።