ሱቄን ዘግቼ ፍርድ ቤት የሄድኩ ዕለት

ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ዛሬም ሰው "ያቺ የከሰረችው" እያለ ሲያማኝ የዚያን ዕለት ነገር ትዝ ይለኝና ቀና ብዬ አልፋለሁ።

ቡራዩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረኝ፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ አጣና እሸጥ ነበር። ግንባታው ቀዘቀዘ፣ በዱቤ የወሰዱት ድምፃቸው ጠፋ፣ እኔም ዕቃ ላስረከቡኝ መክፈል አቃተኝ። በእኛ ሰፈር ነጋዴ ሲከስር ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ስልኩን አጥፍቶ ይሰወራል። ባለቤቴም "ለጊዜው ተፍኪ ከተማ ያለችው እህቴ ጋ እንሂድ" አለኝ።

"ሌባ ነኝ እንዴ? የትም አልሄድም!" አልኩት።

አዲስ አበባ ያለ ሕግ አዋቂ ዘመዴ የኪሳራ አቤቱታ ጻፈልኝ። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው ንብረቴ ተሸጦ ለአበዳሪዎቼ ሁሉ እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል። ካልሆነ ቀድሞ የከሰሰ ጠራርጎ ይወስድና ቁጠባቸውን ያበደሩኝ ጎረቤቶቼ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

ቡራዩ ፍርድ ቤት ሄጄ መዝገብ ቤቱ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛዋ "ተከሳሹ ማነው?" አለችኝ።

"ተከሳሽ የለም። ከስሬያለሁ ልል ነው የመጣሁት።"

የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ መለሰችልኝ፤ "እዚህ በኦሮምኛ ነው የምንቀበለው።" ወይ ጉዴ! ልጆቼን ቡራዩ አሳድጌ ይኼ ይጠፋኛል? የገበያ ኦሮምኛ እችላለሁ፤ የፍርድ ቤቱ ግን ከየት ይምጣ?

ዞር ስል ኦቦ ገመቹ ቆመዋል። ከሱሉልታ አጣና የሚያስረክቡኝ፣ ድሮ አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ትልቁ ዕዳዬም የእሳቸው ነው። እጃቸው ላይ እኔን የሚከሱበት ፋይል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጠፍታለች ብለውኝ ነው የመጣሁት" አሉ።

"አለሁ ኦቦ። የአንቱን ጨምሮ የሁሉም ዕዳ እዚህ ውስጥ ተጽፏል። ቀድመው ከከሰሱኝ ግን ለሌሎቹ የሚተርፍ የለም።"

ፋይላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው "ኮቱ፣ ነይ ቁጭ በይ" አሉኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን እኔ በአማርኛ ሳነብ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በኦሮምኛ ጻፉት። ስማቸው ጋ ሲደርሱ ሳቅ አሉ፤ "እኔንም ከሌሎቹ ጋር አሰለፍሽኝ በይኛ!"

አስተይበን ተመለስን። እውነት መሆኑን በቃለ መሐላ አረጋግጬ ፈረምኩ። ሠራተኛዋ "እኚህ ጠበቃሽ ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አበዳሪዋ ነኝ" አሉ ኦቦ ገመቹ፤ "ይቺ ልጅ ግን አልጠፋችም።"

መዝገቡ ተከፈተ። እንባዬ መጣ።

ሱቄ ተሸጦ ለሁሉም ተከፋፈለ፤ እሳቸውም እንደ ሌላው ከገንዘባቸው ጥቂቱን ብቻ አገኙ። እኔ አሁን በሰው ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኦቦ ገመቹ አጣና ሲያመጡ ጭነቱን የምረከበው እኔ ነኝ፤ እኔ በሌለሁበት ቀን አጣናውን አንድ በአንድ ያስቆጥራሉ። እኔን ሲያዩ ግን ሾፌሩን "አራግፍ፣ እሷ አለች" ይሉታል። ያኔ ሱቁ የራሴ የሆነ ያህል ደረቴን እነፋለሁ።