እናቴ ክርስትና አላነሳም ያለች ጊዜ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ወጣት ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወለደች። በእርግዝናዋ ወራት ሐኪም ቤት ያመላለሰቻት፣ ስትወልድም ያረሰቻት እናቴ ስለሆነች፣ ልጅቷን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የምታነሳት እሷ እንደምትሆን ማንም አልተጠራጠረም። ስትጠየቅ ግን፣ «እኔ ይቅርብኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጊ» አለች።

«እትዬ፣ ምን አስቀየምኩዎት?» ብትላት እናቴ «ምንም» ብላ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ስታገኘን አንገቷን ደፍታ ሰላም ብላን ታልፍ ጀመር።

እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ነገርን በቅደም ተከተል ማየት እወዳለሁ። እናቴ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ራቃት፣ በትንሹም ትቆጣ ነበር። አንድ ቀን በሐምሌ ብርድ ከሜክሲኮ በታክሲ ስንመለስ ፊቷ በላብ ራሰና መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«እማማ፣ ብርድ ገባ እኮ» አለ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት።

«ጃኬትህን ዝጋ። እማማም እናትህን በል።»

ደም ግፊት ነው ብዬ ደብተር አዘጋጀሁ፤ ላቡን፣ እንቅልፉን፣ ራስ ምታቱን በየቀኑ እመዘግብ ጀመር። እናቴ ደብተሩን አገላብጣ አየችውና፣ «ዋናውን አልጻፍሽም» አለችኝ።

ዋናውን ነገረችኝ። የወር አበባዋ አንዳንዴ በወር ሁለቴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቅዳሴው መሃል ላይ መጣባት። ነጠላዋን አገልድማ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምታስቀድሰው ግቢው ውስጥ፣ ከቅጥሩ ሥር ቆማ ነው። እኔ እግሯን አሟት መስሎኝ ነበር።

«ልጅቷን ታቅፌ ቆሜ ቢመጣብኝስ?» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ክፉ በሽታ ቢሆንስ? አሳድጋታለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ልሙትባት?»

አፈርኩ። የወር አበባ እንዴት እንደሚጀምር ለተማሪዎቼ በሥዕል አስተምራለሁ። ሲያበቃ እንዴት እንደሚያበቃ ግን አስተምሬም አላውቅ፣ እናቴንም ጠይቄ አላውቅ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ብዙ ጠየቀቻት፤ ግፊቷን ለካች፣ ደም አስመረመረች፣ አልትራሳውንድም አዘዘች። ውጤቱ ሲደርስ፣ «ክፉ ነገር አልታየም፤ ወደ ማረጥ እየተሸጋገሩ ነው። ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ የወር አበባው መዘበራረቅም ከዚያው ነው። ደሙ ከበዛ ወይም ቶሎ አልቆም ካለ ግን ዝም እንዳይሉ፤ ይምጡ» አለቻት።

«መቼ ያልቅልኛል?»

«ይሄን ቀን መቁረጥ አይቻልም። ዓመታት ሊወስድ ይችላል።»

በመንገድ ላይ ስለ ሆርሞን ማብራራት ስጀምር እናቴ፣ «ነርሷ ነግራኛለች፤ አትከልሺልኝ» አለችኝ። ሞት ከሐሳቧ ወጥቶላት ፊቷ ፈክቷል። የክርስትናው ነገር ግን እንዳለ ነው፤ ለዚያ ነርሷ መድኃኒት የላትም። እውነቱን ለጎረቤታችን እንድትነግራት ለመንኳት። «ይሄ ይወራል?» አለችኝ። ሦስት ቀን አሰበችበትና በአራተኛው ሄዳ በሯን አንኳኳች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ልጄ፣ አንቺን ንቄ አይደለም» ብላ ሁሉንም ነገረቻት።

ጎረቤታችን ሕፃኗን እያባበለች ሰማቻትና፣ «እኔ እኮ ጠሉኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ» አለች። ከዚያ፣ «በቃ፣ ሁለታችሁም ተዘጋጁ። በዕለቱ የሚሆንላት ታነሳልኛለች» አለች።

«ይቺ ካነሳቻትማ ልጅሽ በሰማንያ ቀኗ ፈተና ልትቀመጥ ነው» አለች እናቴ፣ ወደ እኔ እየጠቆመች።

የክርስትናው ዕለት ንጋት ላይ እናቴ አጊጣ ለመውጣት ተዘጋጅታ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ ዘገየች። ስትወጣ፣ «ዛሬ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም።

ሕፃኗን ከውሃው ስትወጣ እኔ ተቀበልኳት። እናቴ ቅጥሩ ሥር ቆማ ጠበቀችን። እንደወጣን ጎረቤታችን ልጇን ከእጄ ወስዳ፣ ከማንም አስቀድማ እናቴን አሳቀፈቻት።

ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስታለቅስ ግን እስከ ዛሬ የምትወሰደው ወደ እናቴ ነው።