በእኔ በኩል ያለው ውኃ

ሰው ሁሉ "ይቅር በይ" ይለኛል። እኔ ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

በመርሐቤቴ ቆላ፣ ወንዙን የምናቋርጥባት አንዲት ጀልባ አለችን። ከበርሜል ቆርቆሮ የተበየደች ጠባብ ጀልባ ናት። ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሯል፤ አሻጋሪው ቆሞ ገመዱን በሁለት እጁ ይስባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ደግሞ የሚገባውን ውኃ በጣሳ ይጨልፋል። ደንባችን ነው፤ ቄስም ቢሆን ከኋላ ከተቀመጠ ይጨልፋል።

አሻጋሪው የመሬት ጎረቤቴ ነው። ባሌ በሞተ በዓመቱ የወሰናችንን ድንጋይ ነቅሎ፣ አምስት እርምጃ ጤፍ ማሳዬ ውስጥ ገብቶ አረሰ። ሽማግሌ ፊት ስከሰው ታቦት ጠርቶ "ድንጋይ የሚባል አላውቅም" ብሎ ማለ። ምስክር አልነበረኝም። ሁለት ክረምት ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

ያን ቀን ከዓለም ከተማ ገበያ ስመለስ ጀልባዋ ላይ ሦስት ነበርን፦ እሱ፣ እኔ፣ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ሴት። ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። መሐል ስንደርስ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ጀልባዋ ከላይም ከታችም ትሞላ ጀመር። ጣሳውን አንስቼ ጀልባዋን እስከ ወለሏ ለሁለት ከሚከፍለው ሳንቃ ወዲህ፣ በእኔ በኩል ያለውን ብቻ ጨለፍኩ።

"እትዬ፣ ከዚህም ይጨልፉ እንጂ!" አለ።

"እሱ ያንተ ድርሻ ነው። ድንበር መግፋት አልወድም።"

"አሁን ቀልድ ነው? መስመጣችን እኮ ነው!"

"የእኔን ጨርሻለሁ" ብዬ ጣሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ገመዱን ቢለቅ ጎርፉ ይወስደናል፤ ካልለቀቀ መጨለፍ አይችልም። ነጋዴዋ እቃዋን ራሷ ላይ ተሸክማ፣ "እማማ፣ በአላህ! እኔ ምን በደልኩ?" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን የሚቆረቁረኝ እሷን ማስደንገጤ ብቻ ነው።

"ድንጋዩ የት ነው?" አልኩት።

"የምን ድንጋይ?"

ጣሳውን አልነካሁም። ውኃው ባቱ ላይ ደረሰ።

"ከማሳዬ ጫፍ፣ ከግራሯ ሥር ቀብሬዋለሁ! ይጨልፉ!"

"ሰምተሻል?" አልኳት ነጋዴዋን።

"ሰማሁ፣ ሰማሁ! ይጨልፉ እንጂ እማማ!"

ከዚያማ ክንዴ እስኪዝል ጨለፍኩ፤ የእሱንም የእኔንም።

ሽማግሌ ፊት ነጋዴዋ የሰማችውን ስትናገር፣ "በሞት አስፈራርተውኝ ነው" አለ። ሽማግሌዎቹም "ተገዶ የተናገረው ቃል አይጸናም" አሉ። እኔም ይጸናል አላልኩም። "ቃሉን ተዉት፤ ግራሯ ሥር ቆፍሩ" አልኳቸው። ተቆፈረ፣ ድንጋዩ ወጣ።

ራሱ ተሸክሞ ወደ ቦታው እንዲመልሰው ፈረዱበት። ሰው ሁሉ እያየው፣ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ከሐፍረቱ ይሁን ከፍርሃቱ፣ አምስት እርምጃ አልፎ ስድስተኛው ላይ፣ የራሱ መሬት ውስጥ አስቀመጠው።

"ይኼ ያንተ ነው። አንድ እርምጃ መልሰው" አልኩት።

"ይሁን እትዬ፣ ይውሰዱት።"

"የሰው መሬት አልበላም። አንሳ!"

ወገቡን ይዞ አቃሰተ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አቀፈው። እንዳይቸኩል ነገርኩት።