«ሌሎች» የተባለው መደርደሪያ

በምሠራበት የሶዶ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚመደበው በይዘቱ ነው፤ በወላይትኛ ከተጻፈ ግን ይዘቱን ማን ይጠይቃል? ሁሉም «ሌሎች» የሚባል መደርደሪያ ላይ ይወረወራል።

አንድ ጡረተኛ መምህር ከገሱባ ድረስ መጥተው ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ በወላይትኛ የጻፉትን መጽሐፍ ሰጡን። እኔም እንደ ልማዴ ሳልገልጠው «ሌሎች» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። የግብርና ተማሪዎች ስለ እንሰት በሽታ ሲጠይቁኝ ኮምፒውተሩን እያየሁ «የለም» ስል ከረምኩ።

በዓመቱ መምህሩ ተመልሰው መጡና መጽሐፋቸውን ከመዝሙርና ከፊደል ማስተማሪያ መሃል አቧራ ለብሶ አገኙት።

«ልጄ፣ ወላይትኛ ማንበብ አትችልም እንዴ?» አሉኝ።

መመሪያው ነው ልል ነበር። መመሪያው ገደል ይግባ! የጠየቁኝ በወላይትኛ ነው፤ «እችላለሁ» ብዬ የመለስኩላቸውም በዚያው በእናቴ ቋንቋ ነው።