ጠበል የተረጨባቸው ጠርሙሶች

እናቴ ልደታ ማርያም አጠገብ እህል ትሸጣለች። ባቄላውን ከነቀዝ የምትጠብቅበት መድኃኒት ደረቷን ስለጎዳው፣ ሐኪሙ «ወይ መድኃኒቱን ወይ ሱቁን ይተዉ» አላት። ሱቁን ከምትተው ሞቷን ትመርጣለች። እኔም ባዮቴክኖሎጂ የተማርኩት ለጌጥ አይደለምና፣ ነቀዝ የሚገድል አበባ አባዝቼ መድኃኒቱን ራሴ እሠራለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው የእህል ነጋዴ፣ በሳቅ ፈረሱ። «አበባ ለሠርግ ነው ልጄ!»

«ቆይተው ያያሉ» አልኳቸው። ካልጣማቸው የልደታ ፍርድ ቤት እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ይክሰሱኝ።

ፓይረትረም የሚባለውን አበባ ቡቃያ ቆራርጬ፣ አፍልቼ ባጸዳኋቸው የማርማላታ ጠርሙሶች ውስጥ፣ እንደ ጄሊ በረጋ የተክል ምግብ ላይ ተከልኩት። የኮንዶሚኒየማችን ወጥ ቤት በጠርሙስ ተሞላ። እናቴን ክዳኑን እንዳትነካ አስጠነቀቅኳት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

በልደታ ቀን ከሥራ ስመለስ ክዳኖቹ ሁሉ ተከፍተዋል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል በየጠርሙሱ ረጭታ፣ ፊቷ በርቶ ትጠብቀኛለች።

«ታፍነው አሳዘኑኝ። ደግሞ ቶሎ እንዲያድጉልሽ ብዬ ነው።»

በአራተኛው ቀን፣ በተከፈተው ክዳን የገባው ሻጋታ ሁሉንም ዋጣቸው። ጮኽኩባት። ሻጋታውን ረስቼዋለሁ፤ ጩኸቴ ግን አሁንም ይቆጨኛል። አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «እንግዲያው አሳዪኛ!» አለች።

አሳየኋት። መጀመሪያ ቡቃያ ከቆረጥኩበት፣ በረንዳ ላይ ካስቀመጥኩት ተክል እንደገና ጀመርን። አሁን እጇን በአልኮል አሽታ፣ አፏን በማስክ ሸፍና የምትቆርጠው እሷ ናት። ካስነጠስኩ ከወጥ ቤት ታባርረኛለች። ልደታ ሲደርስ ጠበሉን በተከደነው ጠርሙስ ላይ ትረጫለች፤ እሱን ማንም አይከለክላትም፣ እኔም ጭምር።

ችግኞቹን ወደ አፈር አዛውረን በረንዳውን ሞላነው። ሲያብቡ አድርቀን ፈጨናቸው፤ ዱቄቱን ከአንድ ጆንያ ባቄላ ጋር አሸነው። የድሮው መድኃኒት ከሱቁ ወጣ። ነጋዴው ክረምቱን ሙሉ «ነቀዙ ሠርጉን እየበላ ነው?» እያሉ ሲያሾፉ ከረሙ።

ክረምቱ ሲወጣ ጆንያውን ፊታቸው ፈታነው። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተው በረበሩት። ሦስት ነቀዝ አገኙ፤ ሦስቱም ደርቀዋል። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩአቸው።

እኔ ግን የማየው እናቴን ነበር። በዚያ መድኃኒት ዘመን ጆንያ የምትፈታው ፊቷን አዙራ፣ እያሳላት ነበር። አሁን ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ባቄላው አስጠጋች፤ በረጅሙ ሳበች። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ።

አላሳላትም።